ብላቴን ጌታ ኅሩይ በጃፓን፦ የመንግሥት እንግዳ ዓይን

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉት ጉዞ ለመጀመሪያው ጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን ምንጭ የሆነ ሊመስለን ይችላል። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይፈቅድም። ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳው ሰነድ የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ሚኒስትሩ የተጓዙት ከዚያ በኋላ ነው። የጃፓን የጥጥ ጨርቅም ቢሆን ቀድሞ ገበያችን ገብቶ ነበር።

ታዲያ ጉዞው ምን ጨመረ? በእኔ ግምት፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ስናነብ አስተናጋጁ ለእንግዳው ምን ለማሳየት እንደ መረጠ ጭምር መጠየቅ አለብን። በዚያው ዓመት መስከረም የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ግዛቴ ናት ባለች ጊዜም የጃፓን መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ዕውቅና ሰጣት።