«ሆን»፦ ስለት ማጥሪያ

ለስለት ሥራ አማርኛ በዘወትር ንግግር የሚጠቀመው ሁለት ግስ ነው፤ ሞረደና ሳለ። ምሳር ይሞረዳል፣ ቢላ ይሳላል፣ ምላጭም ይሳላል። እንግሊዝኛ ግን ታጣፊው የድሮ ምላጭ የሚፈልገውን የመጨረሻውን ረቂቅ ሥራ ለይቶ «ሆን» ይለዋል፤ ሥራው የሚሠራበት ድንጋይም በዚሁ ስም ይጠራል።

ቃሉን እንዳለ መውሰድ አይመችም። «ምላጩን ሆን አደረገው» ቢባል ሰሚው «ሆን ብሎ ምን አደረገው?» ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። በገበያ የምናውቀው «መሳያ»ም ችግር አለበት፤ ብቻውን ሲቆም የሠዓሊም መሣሪያ ይሆናል። ግዕዝ እነዚህን በፊደል ይለያቸው ነበር፤ ሰሐለ ስለት አወጣ፣ ሠዐለ ሥዕል ሠራ፣ ሰአለ ለመነ (ስእለት የመጣው ከዚህ ነው)፣ ሰዐለ ደግሞ የጉንፋኑ ሳል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተዋቸው አራቱም በ«ሳለ» ዙሪያ ተሰበሰቡ። የ18ኛው መቶ ዘመኑ የራስ ሚካኤል ቅጽል፣ «ስሑል»፣ የመጀመሪያው ግስ ልጅ ነው፤ የተሳለ ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው «ስለት ማጥሪያ» የሚለውን ነው። ጠጅ ሲጠራ አዲስ ጠጅ አይጣልም፤ ያለው ከአተላው ይለያል እንጂ። ይህ ድንጋይም ስለት አይፈጥርም፤ የተፈጠረውን ያጠራል።

ስለቱ ማጥሪያ የሚያስፈልገው በመላጨት ስለሚደክም ነው። ግን ጸጉር ብረትን እንዴት ሊያደክም ይችላል? የምላጭ ብረት ከጸጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ«ሳይንስ» መጽሔት ያወጡት ጥናት መልሱን አሳይቷል። የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ከቦታ ቦታ ወጥ አይደለም። ጸጉሩ በሚላጭበት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ስለቱን በደካማው ቦታ ካገኘው፣ ከጠርዙ ትንሽ ቁራጭ ይሰበራል። አንዱ ስብራት ሌላውን ይጠራል፤ ምላጩም ይዶለዱማል።

ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ምላጩን በተወጠረ የቆዳ ጠፍር ላይ 30 ወይም 50 ጊዜ ማመላለስ የተለመደ ነው። ቆዳው የዘመመውን ጠርዝ ያቃናል፤ «ማረቂያ ጠፍር» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል። የተሰበረውን ግን አይመልስም። ጠፍሩ ማዳን ሲያቅተው ማጥሪያው ይወጣል።

እንግዲህ የትኛው ድንጋይ? በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብረቱን የሚበሉትን ፍሬዎች ደቃቅነት ይናገራል፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ድንጋዩ ይደቃል። ነገር ግን ቁጥሩ በየአገሩ አንድ አይደለም። በጃፓን ምደባ 1,000 ማለት 11 ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። በብርጭቆ ወረቀት ላይ «ፒ 1,000» የሚል ካዩ 18 ማይክሮን ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ስለቱ ጤነኛ ለሆነ ምላጭ በጃፓን ቁጥር ከ8,000 እስከ 12,000 ያለው አንድ ድንጋይ ይበቃል። ጠርዙ ለዓይን በሚታይ መጠን ከተሸረፈ 1,000ው ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሥራው ማጥራት ሳይሆን ስለቱን እንደገና ማውጣት ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ከተፈጥሮ ድንጋዮች ልቤን የሚማርከው የቤልጂግ «ኮቲኩል» ነው። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ መሳያ ድንጋይ ማለት ነው። በአርደን ተራሮች በቪየልሳልም አካባቢ ይወጣል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል። በለስላሳ አፈር መሰል ድንጋይ ውስጥ ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን፣ ጥቂት ማይክሮን በሚያህሉ ፍሬዎች፣ ተበትኗል። ፍሬዎቹ 12 ገጽ ያላቸው፣ ወደ ክብነት የተጠጉ ስለሆኑ ብረቱን በጥልቀት አይቧጥጡትም። ድንጋዩን በትንሽ ድንጋይ አሽተው ወተት የመሰለ ጭቃ ቢያወጡ ፍሬዎቹ ይለቀቁና ድንጋዩ ብረቱን ፈጥኖ ይበላል፤ ጭቃውን አጥበው በንጹሕ ውኃ ቢሠሩ ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። አንድ ድንጋይ ሁለት ጠባይ አለው። ቢጫው ንብር ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከጥቁር ሰማያዊ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ይሸጣል።

በየትኛውም ድንጋይ ላይ ምላጩ በጀርባውና በስለቱ እኩል ይተኛል። ወፍራሙ ጀርባ ማዕዘኑን ራሱ ስለሚይዝ እንደ ቢላ በእጅ መገመት አያስፈልግም። በድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ በጠፍር ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፤ አለዚያ ቆዳው ይቆረጣል። እጅ መጫን የለበትም፤ የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ድንጋዩ ለጥ ያለ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ ጠፍጣፋነቱን ከቁጥሩ እኩል ይዩት። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ማጥሪያ ድንጋይ በተቃራኒው መሃሉ ሲጎደጉድ ይስተካከላል። በእርሳስ ገጹ ላይ መረብ ይሥሩበት፤ ከዚያም በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ፣ ውኃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት ላይ ያሹት። መሃል ላይ የቀረው እርሳስ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያሳያል። የመጨረሻው መስመር ሲጠፋ ድንጋዩን አጥበው ምላጩን ያንሱ።