ድምፅ ያጣው ኮምፒውተር

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። የቤት ኮምፒውተር ዝም ሲል ግን ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ድምፅ የሚሰማው በእሱ ሆኗልና። ወዲያው «ተቃጠለ!» ይባልና ማሽኑን ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት መሮጥ ነው። ኧረ ቀስ! የኮምፒውተር ድምፅ ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 አይቢኤም ያወጣው የግል ኮምፒውተር የነበረው ድምፅ ማጉያ አንዲት ትንሽዬ ነበረች። ማሽኑ ሲነሣ አንዴ «ጢጥ» ካለች ደህና ነው ማለት ነው። በ1987 ካናዳዊው የቀድሞ የሙዚቃ መምህር ማርቲን ፕሬቬል፣ አድሊብ በተባለው ካርድ፣ ዘጠኝ ድምፆች በአንድ ጊዜ እንዲያዜም አደረገው። በ1989 ደግሞ ሲም ዎንግ ሁ የመሠረተው የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተርን ይዞ መጣ፤ ይኼኛው የተቀዳ የሰው ድምፅም ያሰማል።

አንደበቱ ተገኘ፤ ጣጣውም አብሮ መጣ። ካርዱ ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» ብሎ የሚጠራበት ባለቁጥር መስመር ያስፈልገዋል። የቀደሙት ሳውንድ ብላስተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚጠሩት በ7 ቁጥር ነበር፤ 7 ደግሞ በልማድ የፕሪንተር ነው። እናላችሁ፣ ጽሑፍና ድምፅ በአንድ በር ሲጋፉ አንዱ ዲዳ ይሆናል። መድኃኒቱ ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ ነቅሎ ወደ 5 ቁጥር ማዛወር ነበር። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ስምምነት ነው።

በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95፣ ሁልጊዜ ባይሳካለትም፣ ቁጥሮቹን ራሱ ማደላደል ጀመረ። በኋላም ፒሲ 99 የተባለው መመሪያ ቀዳዳዎቹን በቀለም ለየ፤ አረንጓዴው ለድምፅ ማጉያ፣ ሮዙ ለማይክሮፎን።

ዛሬም ጠቡ መልኩን ቀይሮ አለ። ድምፁ ወደ ሞኒተሩ ወይም ጎረቤት ክፍል ወደተረሳ ብሉቱዝ ማዳመጫ ሄዶ ይቀራል። ስለዚህ ፍተሻው ከውጪ ወደ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ የድምፅ ማጉያው ኤሌክትሪክና ገመድ፤ ቀጥሎ ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ፤ ከዚያ በየትኛው መውጫ እንዲወጣ እንደታዘዘ፤ በመጨረሻ ድራይቨሩ። ሌላ ማዳመጫ ሰክቶ መሞከርም ብዙ ይገላግላል። ይህ ሁሉ ታይቶ እንቢ ካለ ያኔ ባለሙያ ይጠራ።

ዝም ያለ ሁሉ የሚናገረው የለውም ማለት አይደለም። «ዲዳ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ለማን እንዲናገር እንደታዘዘ መጠየቅ ይቀድማል።