ከሀገረ ሰላም እስከ ሐዋሳ፤ መቀመጫ ሲለወጥ የቤተ ሰብ ምክር

ሰው በገጠር ቢኖር ይሻለዋል፤ ወይስ በትንሽ ከተማ፤ ወይስ በትልቅ ከተማ? ይህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የክርክር ሰዓት ሲነሣ የኖረ ነው። አንደኛው ወገን የገጠርን ንጹሕ አየርና ትኩስ ወተት ያነሣል፤ ሁለተኛው የከተማን ሐኪም ቤትና መብራት ይጠቅሳል፤ ከዚያ ተጨብጭቦ ይበተናል። እኛም ተማሪ ሳለን ለገጠር ተከራክረን አሸንፈናል። በማግሥቱ ግን ከገጠር የሚያወጣንን ፈተና ማጥናታችንን ቀጠልን።

የደቡቡን አገራችንን ታሪክ በጥሞና የተመለከተ ሰው ግን ጥያቄው በዚህ መልክ ለብዙ ሰው እንዳልቀረበለት ይረዳል። መጀመሪያ የሚነሣው የመንግሥት መቀመጫ ነው፤ ሹሙ መቀመጫውን ይከተላል፤ ጸሓፊው ሹሙን፤ ነጋዴው ጸሓፊውን ይከተላል። የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ምክር የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዚህም የሲዳሞ መቀመጫ ከተራራ ወደ ኮረብታ፤ ከኮረብታ ወደ ሐይቅ ዳር የወረደበትን መንገድ ያህል ጥሩ ምስክር አናገኝም።

በቀድሞው ዘመን ከተማ ማለት ከሁሉ በፊት ጦር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ሲገዙ የተቀመጡባት ሀገረ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፤ ጉምና ብርድ የማይለያት ደጋ ናት። እንዲህ ያለውን ቦታ መምረጥ ለዚያ ዘመን ሹም አስተዋይነት ነበር። ከላይ ሆኖ ዙሪያውን ለማየት ይመቻል፤ ቆላውን የሚያስፈራው ወባም ወደዚያ አይወጣም። በዙሪያው ያለው የሲዳማ ገበሬ ግን ከተማ አላስፈለገውም። ቤቱ በእንሰት አጥሩ ውስጥ ለብቻው የተሠራ፤ ከብቱ ከጎኑ ያደረ፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘውም በገበያ ቀን፤ በልቅሶና በሽማግሌ ሸንጎ ነበር። ለእርሱ ሀገረ ሰላም ግብር የሚወጣበትና ሙግት የሚሰማበት ቦታ እንጂ የሚኖርበት አልነበረም። እንግዲህ ያን ጊዜ ገጠርና ከተማ በአንድ ሰው ፊት እንደ ሁለት ምርጫ አልቀረቡም፤ ሁለት ዓይነት ሰዎች የሚኖሩባቸው ሁለት ዓለሞች ነበሩ።

ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞ ገዥ ሆኑ። መቀመጫውን ከብርዱ አውርደው ይርጋለምን የቈረቈሩ እርሳቸው ናቸው። ይህ መውረድ ለአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ አዲስ አበባም ብትሆን የተወለደችው በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦን ብርድ ትቶ ወደ ፍልውሃ ከተወረደ በኋላ ነው። ይርጋለም ገና ከመጽናቷ ጦርነት ደረሰባት። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣልያን ያዛት፤ ራስ ደስታም በዚያው ዓመት በየካቲት ተይዘው ተገደሉ።

ከነፃነት በኋላ ይርጋለም ዳግመኛ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሆነች፤ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮንም ሆስፒታል ሠራባት። እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም፤ ምክንያቱም ትንሽ ከተማ የሚባለው ኑሮ በሙሉ መልኩ የሚታየው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ዳኛውና ተሟጋቹ በአንድ ጠጅ ቤት ይገናኛሉ፤ መምህሩ የተማሪውን አባት ብቻ ሳይሆን የአባቱን ዕዳ ጭምር ያውቃል። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ የጓሮ ቡናና እንሰት አለ፤ የጸሓፊው ሚስት ከደመወዙ የጎደለውን ከጓሮው ትሞላለች። ወሬ ከደብዳቤ ይቀድማል። ይህን የሚወድ ሰው ገነት ይለዋል፤ የማይወድ ደግሞ እስር ቤት ይለዋል፤ በእኛ አስተያየት ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ይርጋለም ግን አንድ ጉድለት ነበረባት። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለች ናት፤ ከሻሸመኔ ወደ ዲላ የሚወርደው ተጓዥ አፖስቶ ላይ ካልታጠፈ አያያትም። መኪና ከበቅሎ በበለጠበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1950ዎቹ ዓመታት መግቢያ የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም በሚነሣበት አሳብ፤ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቀየሰ። የሲዳማ ሕዝብ ቦታውን አዳሬ ይለው ነበር፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበርና። ስሙ እስከ ዛሬ በአዳሬ ሆስፒታል ላይ ቀርቷል። ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው በዚያ ሰፈሩ። የሰዎቹን ዕድል ልብ ማለት ይገባል። ብዙዎቹ በገበሬ ቤት ተወልደው በወታደር ሰፈር ጎልምሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ ገና መንገድ ባልተነጠፈበት ከተማ ባለ ርስት ሆኑ። ሦስቱንም ኑሮ ቀምሰዋል፤ ከሦስቱ የትኛውን ትመርጣላችሁ ብሎ የጠየቃቸው መኖሩን ግን እንጠራጠራለን። ከብቱን ከዚያ ሜዳ ያነሣው የሲዳማ አርቢም እንዲሁ አልተጠየቀም። የሐዋሳ መቈርቈር ሲተረክ ስለ ቀጥተኛው አውራ ጎዳናና ስለ ሐይቁ ውበት ብዙ ይባላል፤ ስለዚህ ሰው ግን ጥቂት ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር መስፈርም ያን ጊዜ እንደ ዛሬው የመዝናኛ ስም አልነበረውም። ደገኛው ሐይቅ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ንዳድን ነበር። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአገራችን ሥራውን የጀመረው በዚሁ በ1950ዎቹ መግቢያ ነው፤ ያም ሆኖ ከከፍታ ወደ ውሃ ዳር ለመውረድ ልብ ይጠይቅ ነበር። በኋላ መቀመጫው ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር በየቤቱ የተደረገውን ምክር መገመት አያስቸግርም። የጓሮው ቡና ለማን ይተዋል? ዕድራችንስ? ልጆቹ የሚማሩበት ይሻላል ወይስ አሮጊቷ እናት የለመደችው? ሁሉም አልሄደም። ይርጋለምም አልሞተችም፤ ሆስፒታሏና ቡናዋ አቆዩዋት፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ ተመርቆላት አቮካዶዋ ወደ ዘይትነት መለወጥ ጀመረ።

ወደ ሐዋሳ የወረዱትም ቢሆኑ ትልቅ ከተማ አልመረጡም። የመረጡት በባጃጅ ሳይሆን በብስክሌት የሚዞሩባት፤ ዓሣ ከአሞራ ገደል ገዝተው ለምሳ የሚደርሱባት ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1976 ዓ.ም. ቈጠራ የነዋሪዋ ቍጥር 36,169 ነበር። በ1987 ዓ.ም. 69,169 ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 157,139 ደረሰ። በትንሽ ከተማ የተኛ ሰው ቤቱን ሳይለቅ በትልቅ ከተማ ነቃ ማለት ነው። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ በከተማው አስተዳደር ሥር፤ ግን በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ከአንድ መቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተቈጥረዋል። የቱላ ገበሬ እንሰቱን ሳይነቅል የከተማ ነዋሪ ተብሎ ተመዘገበ። በእርሱ ቤት ጥያቄው የሚመጣው መሬት የሚለካ ሰው ገመድና ችካል ይዞ ሲመጣ ነው።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ግን በእውነት የሚመርጡ ሰዎች መጡ፤ አብዛኞቹም ከገጠር የወጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ለአራትና ለአምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ሸሚዝ ሰፉ። ከወር ደመወዛቸው የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን ያዩ ብዙዎች ተመልሰዋል። ሌሎች ደግሞ ጥቂትም ቢሆን በእጄ የገባ ገንዘብ ነው ብለው ቈይተዋል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ የእነዚህ ልጆች የቤት ውስጥ ስሌት ባላዩት አገር በተፈረመ ወረቀት ተለወጠ።

ከዚያም መቀመጫ እንደ ገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከትልቁ ወደ ትንሹ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ተወሰነ፤ ሐዋሳም ርእሰ ከተማው ሆነች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ክልል ለሁለት ተከፍሎ ሲያበቃ መሥሪያ ቤቶቹ መዝገባቸውን በየካርቶኑ አስረው ወደ ወላይታ ሶዶ፤ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተጫኑ። እኛም በዚያ ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን የክርክሩን ሰዓት እንደ ገና ጀመርነው፤ አሁን ግን ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ለሃያ ዓመት ቈጥቦ የሠራው ቤት ገና ቀለም አልተቀባም ነበር። የሌላው ሚስት በሐዋሳ መምህርት ናት፤ እርሷ ወደ እርሱ ብትዛወር ለሁለት ልጆች ትምህርት ቤት መለወጥ ሊሆን ነው። አንድ ሦስተኛ ደግሞ፤ ቃሉን እንደሰማነው፤ «ለኔ ይሻለኛል፤ እናቴ ካለችበት ቀበሌ በእግር ይደረሳል» አለ፤ ከሁላችንም ደስ ብሎት የሄደ እርሱ ነው።

ከሄዱት ብዙዎቹ ቤታቸውን አላነሡም። በሳምንቱ መካከል በትንሹ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። አርብ ከሰዓት በኋላ መነኸሪያ የቆመ ሰው፤ የቢሮ ቦርሳቸውን በአንድ እጅ፤ በኰባ የተጠቀለለ ቅቤ ወይም አንድ ፌስታል ማንጎ በሌላ እጅ ይዘው ሲወርዱ ያያቸዋል። ሰኞ ሳይነጋ ደግሞ በዚያው መነኸሪያ፤ ቦርሳውን ብቻ ይዘው ይሳፈራሉ።