በ«ሃ» እና በ«ሻ» መካከል

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ሌላዋን ልጃገረድ ትወዳለች ብል፣ ገጹን አጥፎ የሚነሣ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ። ነገሩ ስድብም ቅስቀሳም አይደለም። በትምህርት ቤት ስሙን የሰማነው «ጦቢያ» ውስጥ ያለ፣ አንብበን ፈገግ ብለን ያለፍነው ታሪክ ነው።

መጽሐፉ ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1908 መሆኑ ነው። ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው። ጣሊያን አገር ሥዕል ተምረዋል፤ ኋላም ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተምረዋል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለጠላት በማደራቸው ስማቸው ጎድፎ፣ ጅማ ላይ በግዞት አረፉ። መጽሐፋቸውን ሲያወጡት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር ያሉት። ዛሬ የዚህ ዓይነቱን ጽሑፍ ሁሉ «ልብ ወለድ» የምንለው ከዚያው ርእስ ወርሰን ነው። ሰውየውን የወቀሰ ትውልድ ቃላቸውን ግን አልጣለውም።

ታሪኩን ለረሳ ባጭሩ ላስታውስ። የጦቢያ አባት ክርስቲያን የጦር አለቃ ነው። በጦርነት ተሸንፎ ይማረክና ባሪያ ይሆናል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ባደረገለት ችሮታ ነጻ ይወጣል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ከቤት ይወጣና እሱም በተራው ለባርነት ይዳረጋል። ያን ጊዜ አባትና እኅት ፍለጋ ይነሣሉ። ልጃገረድ በዚያ ዘመን መንገድ እንደ ሴትነቷ መሄድ አይሆንላትምና ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ጦቢያና ዋሕድ መንታ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሲንከራተቱ ከአረማዊው ንጉሥ ዘንድ ይደርሳሉ። እዚያ ከንጉሡ ወገን የሆነች አንዲት ወይዘሮ ይህን መልከ መልካም «ወጣት» አይታ ልቧ ይሸፍታል። በመጨረሻ ምስጢሩ ይገለጣል፤ ዋሕድም ይገኛል። ንጉሡ ክርስትና ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ወይዘሮዋም ዋሕድን ታገባለች። ሁለት ሠርግ፣ አንድ መልክ።

ይህን መጽሐፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ቆም የማደርጋቸው ሰዋስው ላይ ነበር። አማርኛ እኮ ጾታን ለመደበቅ የሚመች ቋንቋ አይደለም። ሰላምታ እንኳ «ደህና ነህ» ወይም «ደህና ነሽ» ብሎ ሳይመርጥ ከአፍ አይወጣም። ለአንድ ሰው ሲነገር ከዚህ የሚያመልጥ አንቱታው ነው፤ «እርስዎ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ሌላው ማምለጫ ተናጋሪው ራሱ ነው። «መጣሁ፣ ራበኝ፣ ወደድኩ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አያሳብቅበትም። ጦቢያ የተሸሸገችው በልብሷ ብቻ ሳይሆን በዚህች «እኔ» ውስጥም ነው። የምትወዳት ወይዘሮ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የላትም፤ «አንተ» ማለት ግድ ይላታል። እንግዲህ ቀልዱ ሁሉ የተንጠለጠለው በ«እወድሃለሁ» እና በ«እወድሻለሁ» መካከል ባለች አንዲት ፊደል ላይ ነው።

ነጋድራስ አፈወርቅ ይህን ከባዶ አልፈጠሩትም። የሴት በወንድ ልብስ መሰወር ለአገሩ ምእመን የቆየ ወሬ ነበር። ስንክሳር ነሐሴ 15 ቀን የሚያነሣት ቅድስት እንባመሪና በወንድ ስም መንኩሳ፣ የሰው ልጅ አስረገዝክ ተብላ ተከስሳ፣ ሴት ነኝ ብላ ነጻ መውጣት ስትችል ዝም ብላ ቅጣቱን ተቀብላለች። ምስጢሯ የታወቀው ስትገነዝ ነው። በአውሮፓም ቢሆን ሼክስፒር በ1600ዎቹ መግቢያ ላይ በጻፈው «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተሰኘው ተውኔቱ፣ ቫዮላ የወንድ ልብስ ለብሳ ኦሊቪያ የተባለች ወይዘሮ ትወድዳታለች፤ መንታ ወንድሟ ሴባስቲያን ይመጣና ነገሩን ይፈታዋል። ጣሊያናዊው አሪዮስቶም ከሱ አስቀድሞ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ከዚህ የሚመሳሰል የመንቶች ታሪክ ጽፏል። መንፈሳዊው ታሪክ በመሰወሯ አስለቀሰን፤ አፈወርቅ ደግሞ አሳቁን። የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ልደቱ እዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስነሣህ ቢሉኝ፣ ዋጃ ላይ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ነው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ፣ የማሽላ ማሳ የከበባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚያ አገር የልጃገረድ ጨዋታ ብርቅ አይደለም። እንባመሪና በታሰበች ማግሥት፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶች ተውበው፣ ከወገባቸው ለምለም ቄጤማ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ዋግ ሻደይ ይለዋል፤ ላስታ አሸንድዬ፤ ራያ ቆቦ ሶለል። ዓመቱን ሙሉ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» የተባለች ልጅ በነዚያ ቀናት ጮክ ብላ ትዘፍናለች፤ ትታያለች፤ ታያለችም። ጎረምሶችም ዓይን የሚጥሉት ያን ጊዜ ነው።

እናላችሁ፣ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ከአንድ የአማርኛ መምህርና ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ስለ ጦቢያ ስናወጋ፣ ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየች ልጅ፣ «ጋሼ፣ ወይዘሮዋ የወደደችው ሰውየውን ነው ልብሱን?» አለችኝ። አጠገቧ ያለው ልጅ ቀደመኝና፣ «ዋሕድን አገባች አይደል እንዴ! መልካቸው አንድ ነው፤ ምን ቀረባት?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ዋሕድን እኮ አታውቀውም» አለች።

ሠላሳ ዓመት ስለ መጽሐፉ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የበለጠው ይኸው ነው። እውነት ነው፤ ወይዘሮዋ ዋሕድን አታውቀውም። ልቧ የሸፈተው ለጦቢያ ነው፤ አባቷን ተከትላ ወንድሟን ፍለጋ አገር ላቋረጠች ልጅ ነው። ልብሱ የፈቀደላት ነገር ቢኖር ያን ስሜት በአደባባይ መናገር ብቻ ነው። ደራሲው ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ባያውቁትማ መንታ ወንድም ባላስፈለጋቸው ነበር። ዋሕድ ለወይዘሮዋ ባል ብቻ ሳይሆን ለአንባቢውም ማስታገሻ ነው፤ ያች አንዲት ፊደል ወደ ቦታዋ ተመልሳ፣ ሁሉም ሰው እፎይ ብሎ ወደ ሠርጉ እንዲሄድ።

ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳት። መምህሩ ግን ፊቱ ተለወጠና ወሬውን ወደ ዝናብ አዞረው። አልፈርድበትም። በአገራችን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግም፣ በአንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ይቀጣል። የሃይማኖቶቻችንም ሆነ የሕዝቡ አቋም የታወቀ ነው። መምህሩ ደግሞ ነገ ወላጅ ይጠይቀዋል። ነገር ግን ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ልብ ወለድ አንብቦ መጠየቅን የሚከለክል አንቀጽ የለውም። እኛ ግን የራሳችንን አንቀጽ ጨምረንበታል፤ ጥያቄውንም አብረን እናስራለን።

የ17ኛው መቶ ዘመን የግእዝ ድርሰት ገድለ ወለተ ጴጥሮስ በ2015 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሆነውን ያስታውሷል። ስለ መነኮሳይያት የሚናገረውን አንድ ክፍል ተርጓሚዎቹ በሴቶች መካከል ያለ ምኞት ብለው በማንበባቸው ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ግእዝ የሚያውቁ የአገራችን ሊቃውንትም ተቃወሙ። በቃላት ፍቺ ላይ መከራከር የወግ ነው፤ እንዲያውም ያስደስተኛል። እኔ ያነጋገርኳቸው ተቆጪዎች ብዙዎቹ ግን ገድሉን በግእዝም በእንግሊዝኛም ገልጠውት አያውቁም ነበር። ሳያነቡ መቆጣትና ሳይጠይቁ ማለፍ መንታ ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ልብ ወለዳችን፣ ደራሲው በሰው አገር ተቀምጠው ሲጽፉት፣ ወይዘሮዋን አልሰደቧትም። አላበደችም፤ መብረቅ አልወረደባትም፤ ለሌላው መቀጣጫ ትሁን ተብላ አልሞተችም። በፍቅር ተንገበገበች፣ ተሳሳተች ተባለች፣ ተዳረች። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ቸርነት ነው። እኛ ልቦናዋ በሁለት ወገን የሚሄድ ልጅ በመጽሐፍ ስትመጣ ቢያንስ ያን ያህል ቸርነት ቢኖረን ምን ይጎድልብናል?

ልብ ወለድ በጨነቀው ጊዜ የሚጠራው መንታ ወንድም አለው። ጥያቄውን ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለስ የዋጃ ልጅ ዋሕድ አይመጣላትም። እሷ ያላት መጽሐፉ ነው፤ ሲያነቡባትም «ዝም በይ» የማይላት አንድ መምህር ካገኘች ደግሞ መምህሯ።