የአየርላንድ ቅዱሳት ምንጮችና የጽሑፍ ምስክሮቻቸው

በአየርላንድ ገጠር፣ በግጦሽ መሬት ጥግ፣ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወይም በባሕር ዳርቻ ካለ አለት ሥር በቅዱሳን ስም የሚጠሩ ምንጮች ይገኛሉ። ቁጥራቸው ወደ 3,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በአይሪሽ ቋንቋ ምንጭ ወይም የውኃ ጉድጓድ «ቶበር» ይባላል፤ ቃሉ እንደ ባሊንቶበርና ተበርከሪ ባሉ የቦታ ስሞች ውስጥ ዛሬም ይሰማል። ስለ ምንጮቹ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ይሁንና እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጻፉት ውስጥ አብዛኞቹ ወይ ልማዱን ለማስቀረት የፈለጉ ወይም ከሩቅ ሆነው የተመለከቱ ሰዎች ናቸው። ምንጩን ይሳለም የነበረው ገበሬ በአብዛኛው ብዕር አላነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምንጮቹን ታሪክ ከዚህ አንጻር፣ ማለትም ማን ምን ፈልጎ ጻፈ በሚለው ጥያቄ በኩል መመልከት ነው።

አስቀድሞ ስለ ልማዱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ምእመናን በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ወደ ምንጩ ይሄዳሉ፤ ቀኑም «ፓተርን» ይባላል። ይህም ጠባቂ ቅዱስ የሚል ፍቺ ካለው «ፓትሮን» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ምንጩን በቀኛቸው አድርገው በፀሐይ አካሄድ እየጸለዩ የተወሰነ ጊዜ ይዞራሉ፤ ዙሩንም በጠጠር ይቆጥራሉ። ከውኃው ይጠጣሉ፤ ዓይናቸውን ወይም የታመመ አካላቸውን ይታጠባሉ፤ በብዙ ስፍራም ቁራጭ ጨርቅ በአጠገቡ ባለ ዛፍ ላይ ያስራሉ። ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል ይባላል። በክሌር አውራጃ በሊስካኖር አቅራቢያ ያለው የቅድስት ብሪጅድ ምንጭ ዛሬም በሥዕልና በመቁጠሪያ፣ በፎቶግራፍና በስእለት ዕቃ የተሞላ ነው። አንባቢ «ጸበል» የሚለውን ቃል ይጠብቅ ይሆናል። ቃሉን ያልተጠቀምሁበት በእኛ ዘንድ ጸበል ከካህን ቡራኬና ከማጥመቅ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ነው፤ የአየርላንዱ ዙረት ግን በአብዛኛው ቄስ ሳይኖር በምእመናኑ በራሳቸው የሚፈጸም ነው። ቀጥሎ ለምናየው ጠብ ይህ አንዱ ምክንያት ነበር።

ከጥንታዊዎቹ የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ጳጳሱ ቲሬሃን በ7ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ስለ ቅዱስ ፓትሪክ በላቲን ያዘጋጀው ድርሰት ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ ያላመኑ ሰዎች አንድን ምንጭ የውኃዎች ንጉሥ እያሉ እንደ አምላክ ስጦታ ያቀርቡለታል። የምንጩ አፍ አራት ማዕዘን ባለው ድንጋይ ተከድኗል፤ ከድንጋዩ ሥር እሳትን ይፈራ የነበረ የአንድ ጠቢብ አፅም ይገኛል ብለውም ያምናሉ። ፓትሪክ ድንጋዩ እንዲነሣ ያደርጋል፤ የተገኘው ግን ውኃ ብቻ ነው። ትረካው አጭርና ያማረ ነው፤ ነገር ግን የድል ትረካ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ያላመኑት ሰዎች በቲሬሃን በኩል ካልሆነ በቀር አይናገሩም፤ የሚናገሩትም እንዲሸነፉ ብቻ ነው።

ብዙዎች ይህንና የመሳሰሉትን ትረካዎች ይዘው የዛሬው ዙረት ከክርስትና በፊት ከነበረው እምነት በቀጥታ የወረደ ነው ሲሉ ቆይተዋል። ማይክል ካሮል በ1999 ባሳተመው ጥናት ይህን ሐሳብ ተቃውሞ፣ የታወቀው የዙረት ሥርዓት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ እንቅስቃሴ በኋላ በካቶሊካውያን መካከል የተቀረጸ ነው ሲል ተከራክሯል። በእኔ አስተያየት የካሮል ክርክር ክብደት አለው፤ በቲሬሃንና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተሳላሚዎች መካከል የሺህ ዓመት ርቀት አለና። የውኃ ክብር ጥንታዊ መሆኑ የሥርዓቱን ጥንታዊነት አያረጋግጥም። ደግሞም «የአረማውያን ቅሪት» የሚለው አባባል መጀመሪያ የክስ ቃል ነበር፤ በኋላ አድናቂዎች ክሱን ወደ ምስጋና ለወጡት እንጂ ቃሉ ከከሳሾች አፍ የወጣ ነው።

ክሱ ሕግ ሆኖ የወጣው በ1704 ነው። የፕሮቴስታንቶች የነበረው የደብሊን ፓርላማ ካቶሊካውያንን ለመገደብ ባወጣው ሕግ ወደ ቅዱስ ፓትሪክ መንጽሔና ወደ ምንጮች የሚደረገው ጉዞ እንደ ሁከትና ሕገወጥ ስብሰባ እንዲቆጠር ተደነገገ። ተሳላሚ 10 ሽልንግ ይቀጣል፤ መክፈል ካልቻለ ይገረፋል። በስፍራው መጠጥና ምግብ የሚሸጥ 20 ሽልንግ ይከፍላል፤ ዳኞችም መስቀሎቹንና ሥዕሎቹን እንዲያፈርሱ ታዘዙ። ሕጉን እንደ ታሪክ ሰነድ ስናነበው የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ለነጋዴው ለብቻው ቅጣት መወሰኑ፣ ስብሰባው ገበያ እስኪሆን ድረስ ሰፊ እንደ ነበር ያሳያል። ከልካዩ ሳያስበው ዘጋቢ ሆኗል።

ልማዱ በሕጉ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ግን የካቶሊክ ካህናትም ተነሡበት። በፓተርን ቀን ከጸሎቱ ቀጥሎ መጠጥና ጭፈራ ነበር፤ የየመንደሩ ወገኖች በዱላ የሚፈሳፈሱበት ቀንም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሳቱ የምእመናንን ሕይወት በደብርና በቄስ ሥር ለመሰብሰብ ሲጥሩ፣ ያለ ቄስ የሚካሄደው ዙረት አልተመቻቸውም። በሌላ ወገን ፊሊፕ ዲክሰን ሃርዲ በ1836 ስለ አየርላንድ ቅዱሳት ምንጮች መጽሐፍ ያሳተመው ልማዱ እንዲወገድ ለመወትወት ነበር። ሃርዲን ማንበብ ያበሳጫል፤ ሆኖም ለማንቋሸሽ ሲል የዘረዘረውን ዝርዝር በሌላ ስፍራ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከ1845 ጀምሮ የደረሰው ረኀብ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ፈጅቶ ከዚያ የሚበልጠውን ለስደት ሲዳርግ፣ ሕግና ስብከት ያላስቀሩትን ልማድ በብዙ ስፍራ አስቀረው። ሐኪሙ ዊልያም ዋይልድ (የደራሲው የኦስካር ዋይልድ አባት) በ1852 ባሳተመው መጽሐፍ ትውፊቱ ከባለቤቶቹ ጋር እየጠፋ መሆኑን በቁጭት ገልጿል።

ከባለቤቶቹ ጋር የሄደው ቋንቋም ነው። በ1830ዎቹ መንግሥት የአገሩን ካርታ ሲያሠራ፣ አይሪሽን አሳምሮ የሚያውቀው ጆን ኦዶኖቫን ከየአውራጃው በጻፋቸው ደብዳቤዎች የምንጮችን ስምና የቅዱሶቻቸውን ማንነት መዝግቧል፤ ካርታው የያዘው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ነው። ብራያን ፍሪየል በ1980 ለመድረክ ያበቃው «ትርጉሞች» የተባለው ተውኔት የቆመው በዚህ ላይ ነው። በተውኔቱ ውስጥ አንድ መንታ መንገድ «ቶበር ቭሪ» ይባላል። ስሙ የመጣው የፊቱን እባጭ ያድነኛል ብሎ በምንጩ ሲታጠብ ቆይቶ በዚያው ሰጥሞ ከሞተ ብራያን ከተባለ ሰው ነው። ምንጩ ደርቋል፤ ታሪኩንም ከአስተርጓሚው ከኦወን በቀር የሚያስታውስ የለም። ኦወን ይህን ስም ማቆየት ምን ይጠቅማል ብሎ ሲጠይቅ፣ ይቆይ የሚለው እንግሊዛዊው መኰንን ነው። ፍሪየል ጥያቄውን ለባላገሩ ልጅ፣ ጥብቅናውን ለባዕዱ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተጠየቁ። በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 ባካሄደው የትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ በ26ቱ አውራጃዎች ወደ 5,000 ከሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ከ50,000 በላይ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሰሙትን ጻፉ። ቅዱሳት ምንጮች ከተሰጧቸው ርእሶች አንዱ ነበሩ። ርእሱን የመረጠው ኮሚሽኑ፣ ጽሑፉን ያረመውም መምህሩ ስለሆነ ይህም ቢሆን ንጹሕ ድምፅ ነው አይባልም። ቢሆንም በሃርዲ ዘንድ የማይሰማ ነገር ይሰማበታል። የምንጩ ውኃ ምንም ያህል እሳት ቢነድበት አይፈላም። በውስጡ ዓሣ ይታያል፤ ያየው ሰውም ይድናል። አንዲት ሴት ልብሷን ካጠበችበት ምንጩ ተቀይሞ በሌሊት ቦታውን ይለቅና ጠዋት በሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ፈልቆ ይገኛል።