የሊኖሌም ህትመት በጨርቅ ላይ

የሊኖሌም ህትመት ከወለል ንጣፍ በተቆረጠ ሰሌዳ ላይ ንድፍ ፈልፍሎ፣ ሳይፈለፈል የቀረውን ገጽ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ የማተም ጥበብ ነው። አሠራሩ ከመሥሪያ ቤት ማህተም አይለይም፤ ከፍ ብሎ የቀረው ያትማል፣ የተፈለፈለው ቦታ የጨርቁን መልክ እንደያዘ ይቀራል። ዕቃው ርካሽ ስለሆነና ያለ ማተሚያ መኪና ስለሚሠራ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በብዙ አገሮች የተማሪዎች ሥራ ሆኖ ዘልቋል። በጨርቅ ላይ ሲሆን ደግሞ የተማሪው ሥራ ታይቶ ብቻ አይታለፍም፤ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ ልብስ ወይም ቀሚስ ሆኖ ቤት ይገባል።

ከተልባ የተሠራ ሰሌዳ

ሊኖሌምን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በቆየ የቀለም ቆርቆሮ ላይ የተልባ ዘይቱ ደርቆ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቆዳ ሲሠራ አየና ከዚያ ተነስቶ ሙከራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1863 ለሊኖሌም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ስሙ ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ሊኑም» ተልባ፣ «ኦሌዩም» ዘይት ማለት ነው።

የተልባው ዘይት አየር እያገኘ እስኪረጋ ይቆያል። ከዚያ የጥድ ሙጫ፣ የቡሽ ዱቄትና የእንጨት ዱቄት ይገባበትና በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። በኢትዮጵያ ደጋ በጾም ተቆልቶና ተወቅጦ የሚበጠበጠው ተልባ ዋና ጥሬ ዕቃው ነው ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መልኩ ቢመሳሰልም ተልባም ቡሽም የለበትም።

ወለል ላይ እንዲነጠፍ የተሠራው ዕቃ ለቅርጽ የተመቸው በአንድ ጠባዩ ነው። እንጨት አቅጣጫ አለው፤ መሮው ከአቅጣጫው ውጪ ሲገፋ ይሰነጠቃል ወይም ይንሸራተታል። ሊኖሌም በየትኛውም በኩል እኩል ይቆረጣል። ቀዝቅዞ ሲጠጥር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም ጀርባውን ለብ ባለ ካውያ መንካት በቂ ነው። ከስንት ዓመት በፊት የተገዛ ቁራጭ ግን ደርቆ መሮ ሲነካው ይፈረፈራል።

ከወረቀት ወደ አቡጀዴ

የተማሪው ሥራ የሚጀምረው በእርሳስ ነው። ንድፉ በስስ ወረቀት ላይ ይሠራና ወረቀቱ ተገልብጦ ወደ ሰሌዳው ይተላለፋል፤ ህትመት ቀኝን ወደ ግራ ይገለብጣልና። አበባ ወይም ወፍ የሚሠራ ተማሪ ይህን ቢረሳ ብዙ አይጎዳም። ፊደል የሚቀርጽ ግን ይጎዳል፤ በግዕዝ ፊደል ደግሞ ስህተቱ ሌላ መልክ አለው። የ«ሳ» እና የ«ባ» ቀኝ እግር ረዥም ነው፤ የ«ሶ» እና የ«ቦ» ደግሞ ግራው። ስለዚህ «ሳባ» የሚለውን ቃል ሳይገለብጥ የቀረጸ ሰው ጨርቁን ሲያነሳ የሚያገኘው የተበላሸ ጽሑፍ አይደለም፤ ጥርት ብሎ የታተመ «ቦሶ» ነው።

ፍልፈላው በሁለት ዓይነት መሮ ይሠራል፤ ሹሉ ለቀጭን መስመር፣ ጎድጓዳው ሰፊ ቦታ ለመጥረግ። መምህራን ደጋግመው የሚናገሩት ሕግ አንድ ነው፤ ሰሌዳውን የያዘው እጅ ምንጊዜም ከመሮው ኋላ ይሁን። አንዴ የወጣ ቁራጭ አይመለስም፤ ተማሪው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሠራም።

ለማተሚያ የሚመረጠው እንደ አቡጀዴ ያለ ልሙጥ የጥጥ ጨርቅ ወይም ከተልባ ክር የተሸመነ ሊኖ ነው። ከፋብሪካ የመጣበት ስታርች እንዲለቅ አስቀድሞ ይታጠባል፣ ይተኮሳል። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፍና ጨርቁ ከላይ ይወጠራል፤ ከሥሩ ትንሽ ልስላሴ ከሌለ ቀለሙ ቦታ ቦታውን ይዘላል። ቀለሙ በመስታወት ላይ በሮለር ይዳመጣል፤ መጠኑ ሲደርስ ሮለሩ ቸስ የሚል ድምፅ ያሰማል። ሲበዛ በቀጫጭኑ ፍልፍል ውስጥ ገብቶ መስመሩን ይደፍናል፤ ሲያንስ ህትመቱ ይገረጣል።

ከዚያ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 90 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ለመሙላት 60 ጊዜ ይታተማል፤ 60 ጊዜም ቀለም ይቀባል። አንዱ ህትመት ሁለት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ቀጣዩ አራት ስለሚሆን፣ ጨርቁ ላይ ቀድሞ በጠመኔ ወይም በክር መስመር ይሰመራል። በመጨረሻ በውሃ የሚቀጥነው የጨርቅ ቀለም እንዳይለቅ በጋለ ካውያ ይተኮሳል፤ የዘይት ቀለም ከሆነ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል።

የጃንጥላ ሽቦና የቡና ቤት ዋጋ

ሊኖሌምን ወደ ልጆች ክፍል ካስገቡት አንዱ የቪየናው መምህር ፍራንዝ ቺዜክ ነበር። በለንደን ደግሞ ክሎድ ፍላይት እ.ኤ.አ. በ1925 በተከፈተው ግሮቭነር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህንኑ አስተማረ። ፍላይት ውድ መሣሪያ አልወደደም፤ ከአሮጌ ጃንጥላ የወጣ ሽቦ ተስሎ መሮ ይሆናል፣ ወረቀቱንም በማንኪያ ማሸት ይቻላል ባይ ነበር። ህትመቶቹም በአንድ ብርጭቆ ቢራ ወይም በሲኒማ መግቢያ ዋጋ እንዲሸጡ ይመኝ ነበር። ሲብል አንድሩስና ሲሪል ፓወር ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር ስማቸው ተያይዞ የሚነሳ የሊኖሌም ሠዓሊዎች ናቸው።

በአፍሪካ ታላቁ ምሳሌ በደቡብ አፍሪካ የሮርክስ ድሪፍት ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናውያኑ ፔደርና ኡላ ጎዌንዩስ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ሽመና፣ ሸክላና የጨርቅ ህትመት ያስተምር ነበር። አዛሪያ ምባታና ናሚቢያዊው ጆን ሙአፋንጄሎ በጥቁርና ነጭ የሊኖሌም ሥራዎቻቸው የታወቁት ከዚያ ወጥተው ነው።

የጎረቤት ትምህርት፦ ፎሊ ኮቭ

የተማሪ የቤት ሥራ በጨርቅ ላይ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ያሳየችው ግን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በኬፕ አን ባሕር ዳርቻ ያለችው ፎሊ ኮቭ ናት። የልጆች መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊ ቨርጂኒያ ሊ በርተን ከቀራፂው ባለቤቷ ከጆርጅ ዲሚትሪዮስ ጋር እዚያ ትኖር ነበር። ጎረቤቷ አይኖ ክላርክ የበርተንን ልጆች ቫዮሊን ልታስተምር፣ በርተንም በምላሹ የንድፍ ትምህርት ልትሰጣት ተስማሙ። ገንዘብ ያልገባበት ይህ ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ሌሎች ጎረቤቶችን ጠርቶ ክፍል ሆነ።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ሥነ ጥበብ ተምረው አያውቁም ነበር፤ በአካባቢው የድንጋይ ካባ ለመሥራት የመጡ የፊንላንድ ተወላጆች ቤተሰቦችም ነበሩባቸው። የበርተን የቤት ሥራ ቀላል ይመስላል፦ በዓይንህ የምታየውን፣ የምታውቀውን አንድ ነገር ምረጥ፤ ከዚያ ደግመህ ደጋግመህ ሣል። አንዴ አተልቀው፣ አንዴ አሳንሰው፤ አንዴ አጥቁረው፣ አንዴ አንጣው። በጎች፣ የጓሮ አትክልት፣ የመንደር ጭፈራ በዚህ መንገድ ንድፍ ሆኑ። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ሥራ በአባላቱ ዳኞች ፊት ይቀርብ ነበር፤ ያለፈ ንድፍ ብቻ ለሽያጭ ይታተም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ማተሚያ መኪና አልነበራቸውም። ሰሌዳውን ቀለም ቀብተው ጨርቁ ላይ በፊቱ ይደፉትና በላዩ ቆመው ይዘልሉበት ነበር፤ የሰው ክብደት የማተሚያ ሥራ ይሠራ ነበር። ወጣት ሳለች ባሌት ለተማረችው በርተን ይህ እንግዳ አልነበረም። በኋላ «ኤኮርን» የሚባል አሮጌ የእጅ ማተሚያ አገኙ።

እ.ኤ.አ. በ1945 የኒው ዮርኩ ትልቅ መደብር ሎርድ ኤንድ ቴይለር ከንድፎቻቸው መርጦ ገዛ። ቡድኑ ግን የገበታ ምንጣፍ፣ መጋረጃና የቀሚስ ጨርቅ በእጅ ማተሙን አላቆመም። በቆየባቸው ዓመታት ከ40 በላይ ሰዎች በአባልነት አልፈውበታል። በርተን እ.ኤ.አ. በ1968 አረፈች፤ ቡድኑ በማግስቱ ዓመት ተበተነ። ጨርቆቹና የናሙና መዝገቦቹ በግሎስተር ከተማ ባለው ኬፕ አን ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከመዝለል የገላገላቸው የኤኮርን ማተሚያም እዚያው ቆሟል።