ባልደረባና ድርጎ፤ ስለ ጎንደር የእንግዳ አቀባበል

በየመሥሪያ ቤታችሁ አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው «ባልደረባዬ» ብላችሁ ስትጠሩት፥ ቃሉ በቤተ መንግሥት ያሳለፈውን የቀድሞ ታሪክ ምናልባት አታስታውሱት ይሆናል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ባልደረባ ማለት ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ ወይም ለባለ ጉዳይ ከቤተ መንግሥት የሚመደብለት ሰው ነበረ። እንግዳውን ወደ ንጉሡ የሚያቀርበው፥ ጉዳዩን የሚከታተልለት እርሱ ነው። ዛሬ ሆቴሉና አስጎብኚው ተካፍለው የያዙት ሥራ ያን ጊዜ ከሞላ ጎደል በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዳም ለጎንደር ብርቅ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. መጥቶ ዐፄ ኢያሱን አክሟል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ደግሞ ንጉሡና ራስ ሚካኤል ስሑል ዘመቻ ላይ ነበሩ። ነገር ግን በመኳንንቱ ልጆች ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበረ፥ እቴጌ ምንትዋብ ወደ ቁስቋም አስጠርተው ማረፊያ ሰጡት። ብሩስ ያየውንና የሰማውን በ1782 ዓ.ም. በአምስት ቅጽ አሳተመ። የእንግዳው ቃል እንዲህ ሲተርፍልን፥ እንግዳውን ያበላው ባላገር የጻፈው መጽሐፍ የለም።

በንጉሥ ትእዛዝ ለእንግዳ የሚሰጠው የዕለት ቀለብ ድርጎ ይባል ነበር። እንግዳው በመንገድ ሲያልፍ እንጀራውን የሚያቀርበው፥ በጉን የሚያርደው የመንደሩ ሰው ነው። ጋባዡ ንጉሥ፥ ከፋዩ ገበሬ መሆኑ ነው። ድርጎው አነሰን ወይም ዘገየብን እያሉ ያማረሩ መንገደኞች በየመጽሐፋቸው ይገኛሉ፤ ከባላገሩ ጎተራ ምን እንደ ቀረ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝምን አስተዳደር ያስተምራል። በዚህ የትምህርት ዘርፍ የጎብኚን እርካታ መመዘን የተለመደ የጥናት ርእስ ነው፤ መጠይቁንም የሚሞላው እንግዳው ነው። ታዲያ እዚህም ላይ የምናነበው የብሩስን ወገን ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

ወደ ስሜን ተራራዎች እንውጣ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻው፥ ግጦሹና ሰፈራው ዋልያውን ስላስጨነቀው በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወረ፤ በዓመቱም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያውም ለጎብኚውም መልካም ዜና ነበረ።

ነገር ግን በደጋው ላይ ገብስ ሲዘራ የኖረው ገበሬ ወደ ከተማ ዳር ሲወርድ የካሳው ገንዘብ ስንት ዓመት አኖረው? ልጆቹስ ከጎብኚው ገንዘብ ድርሻ አገኙን? ይህን መጠየቅ የጀመሩ አጥኚዎች አሉ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።